የቡሬና የዳለቻ ውሎ፦ ከበረንዳችን የተጻፈ ማስታወሻ

መስከረም 20

የእርግቦቹ ቤት ዛሬ አለቀ። ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ነው። ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 40፣ ከፍታውም 40 ሴንቲ ሜትር። በረንዳው ላይ ከጣሪያው ሥር ሰቀልነው። ፊቱን በጠባብ የሽቦ ወንፊት ሸፈንነው። በእኛ ሰፈር ሌሊት የሚዞረው ድመት ብቻ አይደለም፤ ሽለምጥማጥም አለ። እጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካገኘ ወፏን ከውስጥ ስቦ ያወጣል። ስለዚህ ከወንፊቱ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም።

ከፍ አድርገን የሰቀልነው ለድመቱ ብቻ ብለን አይደለም። የቤት እርግብ ዘሯ ከገደል እርግብ ነው። ቅድመ አያቶቿ ጎጆ የሚሠሩት በገደል ስንጥቅና በዋሻ አፍ ላይ ነበር። ዛሬም የሕንጻ ጠርዝና የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚስማማት ለዚህ ነው። ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከመንጠልጠል ይልቅ ጠፍጣፋ ነገር ላይ መቆም ትመርጣለች።

ስም ያወጡላቸው አባባ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት። ልጅነታቸው ከከብት ጋር ስለነበር በከብት መልክ ጠሯቸው። ዥንጉርጉሩ ወንድ ቡሬ ሆነ፤ አመድማዋ ሴት ዳለቻ። እርግብ በመልክ ወንድና ሴቱ ብዙም አይለይም። እኛ የለየናቸው በጠባይ ነው። አንገቱን ነፍቶ የሚሽከረከረውና የሚያንጎራጉረው ቡሬ ነው። ሰውነቱም ትንሽ ገዘፍ ይላል።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለአንድ ነገር ነው። ወፍ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ላብላት?" ብሎ ነው። እኔ ግን ውሏቸውን አውቄ ከዚያ በኋላ መወሰን እፈልጋለሁ። መቼ እንደሚበሉ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ። ደብተር አለኝ፣ ዱካ አለኝ፣ ስልክ አለኝ። የምቀመጠው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ዝም ብዬ። ወፍ ሰውን የምትለምደው ሰውየው አዲስ ነገር ሳያመጣባት ሲቀር ነው።

መስከረም 23

የጠዋት ቅደም ተከተላቸው ግልጽ እየሆነልኝ ነው። ጎህ ሲቀድ ይነቃሉ፤ ግን ወዲያው አይወርዱም። መጀመሪያ ላባቸውን ያራግፋሉ። ቀጥሎ መንጠራራት ነው። ቀኝ ክንፍና ቀኝ እግር አብረው ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ግራ ክንፍና ግራ እግር። በመጨረሻ ሁለቱም ክንፎች ወደ ላይ ይነሳሉ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ምግብ ሲሄዱ አላየሁም። ወፍ መታመሟ የሚታወቀው እንዲህ ያለውን የዘወትር ልማዷን ስትተው ነው፤ ስለዚህ ልማዱን አሁን፣ ደህና ሳሉ፣ መጻፍ ያስፈልጋል።

የሚበሉት ድብልቅ እህል ነው። በቆሎ ክክ፣ አተር፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ትንሽ ገብስ። አንድ እርግብ በቀን ወደ 30 ግራም ይበቃታል። በቆሎውንና አተሩን አስቀድመው ይለቅማሉ፤ ገብሱ ሁሌ መጨረሻ ነው። ይህ ጥሩ መለኪያ ሆነልኝ። ገብሱ ከተረፈ ጠግበዋል ማለት ነው፤ ገብሱም ካለቀ ትንሽ እጨምራለሁ።

ልጄ ከምትበላው አቮካዶ ልታካፍላቸው ስትል ከለከልኳት። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። ቸኮሌትና ጨው የበዛበት ነገርም እንደዚያው። ወፍ ያላችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ከእህሉ ጎን ደቃቅ ጠጠር በትንሽ ጣባ አኑሬያለሁ። እርግብ ጥርስ የላትም፤ እህሉን በጡንቻማው ሆዷ ውስጥ የሚፈጭላት ይህ ጠጠር ነው። የእንቁላል ቅርፊትም በምጣድ አድርቄና አድቅቄ ጨመርኩበት። ዳለቻ ከቡሬ ይልቅ ወደዚህ ጣባ ትመላለሳለች። ይህን አሰምሬበታለሁ።

መስከረም 26

ስለ ውኃ። ዶሮ ውኃ ስትጠጣ ትጨልፍና አንገቷን ወደ ሰማይ ታቀናለች። እርግብ እንዲህ አታደርግም። ምንቃሯን እስከ አፍንጫዋ ጥግ ትነክርና ሳታነሳ ትስባለች። ለዚህ ነው ለዶሮ የሚበቃው ዝርግ ዕቃ ለእርግብ የማይመቸው። በጣሳ ቀየርነው። አሁን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ይሄዳሉ።

መስከረም 28

ዛሬ ፀሐዩ ደስ ይል ነበር። ሳፋ ውስጥ አራት ጣት የማይሞላ ውኃ አድርጌ በረንዳው ላይ አኖርኩላቸው። ዳለቻ ብዙ ዞረችው። አንዴ በምንቃሯ ነካችው። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች! በክንፏ እየመታች ውኃውን በጀርባዋ ላይ ረጨችው። ቡሬ ተከተላት። ሲወጡ አንድ ጎናቸው ላይ ተኝተው አንዱን ክንፍ ለፀሐይ ዘረጉት። ልጄ የሞቱ መስሏት ሮጣ መጣች። ደህና ናቸው፤ ላባቸውን እያደረቁ ነው።

ሳፋው ውስጥ የቀረውን ውኃ አየሁት። ፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት ሰፏል። ቆሻሻ አይደለም። የእርግብ ላባ ራሱ የሚያወጣው ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ላባውን ይጠብቅላታል። ለእሷ ጥሩ ነው፣ ለሰው ሳንባ ግን አይደለም። ይህን ዱቄትና የደረቀ ኩስ ለዓመታት የሚተነፍስ ሰው ሳንባው ሊቆጣ ይችላል። ሕክምናም የሚያውቀው በሽታ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ስጠርግ ማስክ አደርጋለሁ፤ ኩሱንም ከመጥረጌ በፊት ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። አባባ ይህን ማጋነን አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ማስኩን አልተውም።

መስከረም 30

የዛሬውን ግኝት ያመጣችው ልጄ ናት። እርግብ ስትራመድ አንገቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትወዘውዝ ይመስለናል። ልጄ በስልኩ በስሎው ሞሽን ቀርጻ አሳየችኝ። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ጨርሶ አይመለስም! ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ ከዚያ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሰውነቷ ከሥሩ እየተራመደ ይደርስበታል። ከዚያ እንደገና ይወነጨፋል። ጭንቅላቷ በሚቆምባት ቅጽበት ዓይኗ ዙሪያውን ሳይንቀጠቀጥ ያያል።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ውስጥ በሙከራ ታይቷል። ተመራማሪው እርግብን ትሬድሚል ላይ አራመዳት። እየተራመደች ካለችበት ቦታ ፈቀቅ ስለማትል ዙሪያዋ አልተለወጠም፤ የአንገቷም ውዝዋዜ ቆመ። ውዝዋዜው የእርምጃ ጉዳይ ሳይሆን የማየት ጉዳይ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅን ወዲህ ሁላችንም አስፋልት ላይ እርግብ ባየን ቁጥር እንቆማለን።

ጥቅምት 3

ቡሬ ከትናንት ጀምሮ ሣጥኑ ጥግ ላይ ተደፍቶ ክንፎቹን በቀስታ እያርገበገበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጣራል። ጎጆ የሚሆን ቦታ አገኘሁ እያላት ነው። ዳለቻ መጥታ አጠገቡ ቆመች። የአንገቱን ላባ በምንቃሯ አበጠረችለት። ከዚያ ምንቃሯን ወደ አፉ አስገባች፤ እንደሚያጎርሳት ሁሉ። ከዚህ በኋላ ነው የተራከቡት። ሲጨርሱ ቡሬ ክንፎቹን እያጋጨ "ጧ! ጧ!" አድርጎ በረረ።

ጣባ አገባንላቸው፤ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሸክላ ጣባ። ጎጆውን ግን ራሳቸው ይሥሩት ብለን ተውነው። የጓሮው መጥረጊያ ተገኘ። ቡሬ ከመጥረጊያው ላይ አንድ ጭራሮ ይነቅላል፣ ይበራል፣ ለዳለቻ ያቀብላል። አንድ ብቻ። ተመልሶ ሌላ አንድ። እሷ ጣባው ውስጥ ተቀምጣ ከሥሯ ትደረድረዋለች። አንዳንዴ የማይወደድ ጭራሮ ያመጣል፤ ይወድቃል። የወደቀውን አያነሳም፤ ሄዶ ሌላ ይነቅላል። ጠዋቱን ሙሉ ይህንኑ ሲሠራ ዋለ። አባባ መጥረጊያውን ከቦታው እንዳናነሳው አስጠነቀቁን፤ ሌላ ገዛን።

ጥቅምት 6

አመሻሹ ላይ የመጀመሪያው እንቁላል! ነጭ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። ዳለቻ ግን አልታቀፈችውም። ከላዩ ቆማ ትጠብቀዋለች እንጂ ሆዷን አታሳርፍበትም። ልጄ "ይበርደዋል" ብላ ተጨነቀች። አይጎዳውም። ሁለተኛው ከሁለት ቀን ትንሽ ባነሰ ጊዜ ይከተላል፤ እውነተኛው መታቀፍ የሚጀምረው ያኔ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ጫጩቶች በተቀራራቢ ሰዓት ይፈለፈላሉ፤ አንዱ ሌላውን ብዙ አይቀድምም።

ጥቅምት 8

ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ተጣለ። ዳለቻ አሁን ተቀምጣለች። ሆዷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች አመቻቸችው።

ጥቅምት 13

ከእስከ ዛሬው ሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ሌሊቱን የምትታቀፈው ዳለቻ ናት። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ቡሬ ይመጣል። ጣባው ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ አይገፋትም። አንዳንዴ አንድ ጭራሮ በአፉ ይዞ ይመጣል፤ ከጎኗ ያኖርላታል። እሷ ትነሳለች፣ በእግሯ እንቁላሎቹን ሳትነካ ዘወር ብላ ትወጣለች። እሱ ይገባል። ዳለቻ በቀጥታ ወደ ውኃው፣ ከዚያ ወደ እህሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ። ቀትሩን ሙሉ የታቀፈው ቡሬ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዳለቻ ትመለሳለች። ቡሬ ወጥቶ ይበላል።

ሰዓቱ የሚዛነፈው በጥቂት ደቂቃ ነው። ደመና በሆነበት ቀን እንኳ ብዙ አልተለወጠም። እርግብ የሚያረቡ ሰዎች ሁሉ ይህንኑ ይነግሯችኋል፤ ወንዱ የቀኑን መሐል፣ ሴቷ ቀሪውን። ግን ተቀምጦ ማየት ሌላ ነው።

ይህ የሥራ ክፍፍል ለእኔም ሥራ አቀለለልኝ። ሣጥኑን የምጠርገውና ምግብ የምሞላው አሁን በፈረቃ መቀያየሪያቸው ላይ ብቻ ነው። ያኔ ሁለቱም ነቅተዋል፣ ተነስተዋል፤ ተጨማሪ ረብሻ አይሆንባቸውም። በሌላ ሰዓት እጄን ካስገባሁ በክንፋቸው ይመቱኛል። የቡሬ ምት ያማል።

በዛሬው መቀያየሪያ ላይ አንዱን እንቁላል አንስቼ በስልኩ ባትሪ አበራሁበት። ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። ልጄ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አየችው። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ቶሎ መለስናቸው። ከዚህ በኋላ አልነካቸውም። በየቀኑ እያነሱ ማየት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። አንዴ ማወቅ ይበቃል።

ጥቅምት 17

ከቀትር በኋላ ጭልፊት በሰፈሩ ላይ ዞረ። ዳለቻ ጣሪያው ላይ ነበረች። አልበረረችም። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ብቻ ሰማዩን ተከታተለች። ዓይኖቿ በጎንና ጎን ስለሆኑ ወደ ላይ የምታየው እንዲህ ነው። ጭልፊቱ እስኪርቅ ላባ እንኳ አላነቃነቀችም። ቡሬ ሣጥኑ ውስጥ እንቁላሎቹ ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። አሁን እነሱ አንገታቸውን ሲያዘነብሉ እኔም ቀና ማለት ለምጃለሁ።

ጥቅምት 20

የጎረቤት ልጅ ሌላ እርግብ አምጥቶ "ከእነሱ ጋር አድርጓት" አለኝ። ልቡ ጥሩ ነው። ግን በመንደሩ ዶሮ ላይ ፈንግል ገብቷል። የእርግብም የራሷ የሆነ፣ ከፈንግል ተሐዋሲ ጋር የሚዛመድ በሽታ አለ፤ አንገቷን ያጣምማታል። አዲሷን በካርቶን ለብቻዋ ጓሮ ውስጥ አኑረናታል። ዕቃዋ ለብቻ፣ እጅ መታጠብ ግዴታ። ጤነኛ መሆኗ በደንብ ሳይታወቅ በረንዳውን አታይም።

ጥቅምት 25

ትናንት አንዱ ቅርፊት ላይ ትንሽ ስንጥቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግማሽ ቅርፊት በረንዳው ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ቡሬ ወይ ዳለቻ ናቸው ያወጡት። በመቀያየሪያው ላይ አየሁ፦ አንድ ጫጩት፣ ዓይኑ የተከደነ፣ ሰውነቱ በሳሳ ቢጫ ፀጉር የተሸፈነ፣ ምንቃሩ ከፊቱ የሚበልጥ። ማታ ሁለተኛው ተከተለ። የእርግብ እንቁላል ለመፈልፈል ከ17 እስከ 19 ቀን ይፈጅበታል፤ የእኛም ጊዜውን ጠብቋል።

አሁን የሚበሉት ነገር የእርግብ ድንቅ ነው። እህል አይደለም። እናትና አባት አንገታቸው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ያዘጋጃሉ። የከረጢቱ ግድግዳ በእንቁላሉ መጨረሻ ቀናት ይወፍርና እየተላጠ ይወጣል። ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ነው። ሰዎች "የእርግብ ወተት" ይሉታል። ይህን የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ በሰው እናት ጡት ላይም ወተት የሚያመጣው ይኸው ነው። ልዩነቱ እርግብ ላይ አባትየውም እኩል ያጠባል። ጫጩቱ ምንቃሩን በወላጁ አፍ ውስጥ ይሸጉጣል፤ ወላጁ አንገቱን እያርገፈገፈ ያቀብለዋል።

ቡሬ ሲመግብ አባባ ዱካዬን ወስደው ተቀመጡ። "ልጄ፣ እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ እንዲህ አላደረግሁም" አሉኝ። ቡናቸውም እዚያው መጣላቸው።

ከዛሬ ጀምሮ በድብልቁ ውስጥ አተሩን ጨምሬያለሁ። ውኃም በእጥፍ ይጠጣሉ፤ ጣሳውን በቀን ሁለቴ እሞላለሁ።

ኅዳር 2

ዓይናቸው ተከፈተ። ክንፋቸው ላይ እሾህ የመሰሉ የላባ ቡቃያዎች ወጥተዋል። ወተቱ ውስጥ አሁን የራሰ እህል እየተቀላቀለ ነው፤ ከረጢታቸውን ከውጭ ሲያዩት ፍሬው ይታያል። ሲፈለፈሉ 15 ግራም ገደማ የነበሩ፣ ዛሬ መዳፌን ይሞላሉ። ከዶሮ ጫጩት ጋር የሚተዋወቅ ሰው ይህን ፍጥነት አያምንም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። እኛም አቃጥለን እናውቃለን። ዘንድሮ ግን በረንዳው ላይ አራት ነፍስ አለ።

የወፍ አተነፋፈስ ከእኛ ይለያል። አየሩ በሳንባቸው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፤ ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶችም አሉ። ለመብረር የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያገኙት በዚህ ነው። ግን ጭሱንም መርዙንም በዚያው ልክ ይስቡታል። በእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው የሚወርዱት ለዚህ ነበር፤ ሰው ከመመረዙ በፊት እሷ ትወድቃለች።

ስለዚህ ትናንት ማታ ሁሉም ከገቡ በኋላ ሣጥኑን ከነወፎቹ አውርደን እንግዳ ክፍል አስገባነው። መስኮቱን ዘጋን፣ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አኖርን። ቡና በዚያ ክፍል አልተፈላም፤ እጣንም አልተጤሰም። የማያጣብቀውንም መጥበሻ ምድጃ ላይ አላወጣሁም፤ ያ መጥበሻ በጣም ከጋለ የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ዳለቻ ትንሽ ተረበሸች፤ ቡሬ ግን በሰዓቱ ተነስቶ ልጆቹን አበላ። ከሰዓት በኋላ ጭሱ ሲረግብ መለስናቸው። ልማዱን አልቃወምም፤ የሚቃጠለው ፕላስቲክ ግን ያሳስበኛል።

ኅዳር 17

ጫጩቶቹ ተቆጡ። እጄን ሳስጠጋ ይነፋሉ፣ ምንቃራቸውን "ቀጭ" ያደርጋሉ፣ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ጥሩ ምልክት ነው።

በረንዳው ላይ እንግዳም ለምዷል። የዱር እርግብ ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች። የተንጠባጠበውን እህል ይለቅማል። ቡሬ አንገቱን ነፍቶ ያባርረዋል። እኔም የወደቀውን እህል ማታ ማታ እጠርጋለሁ፤ የዱር ወፍ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ የተረፈውም አይጥ ይጠራል።

ዋናው ዜና ሌላ ነው። ቡሬ እንደገና ጭራሮ ይነቅላል። ልጆቹ ገና ከጎጆ ሳይወጡ ሌላ ሊጀምሩ ነው። እርግብ እንዲህ ናት። ሁለተኛ ጣባ በሣጥኑ ሌላ ጥግ አኖርኩ።

ኅዳር 23

ሁለተኛው ጣባ ውስጥ ሁለት እንቁላል አለ። ዳለቻ ታቅፋለች፤ ልጆቹን የሚያበላው በአብዛኛው ቡሬ ነው። እነሱም በሣጥኑ ውስጥ ክንፋቸውን እየመቱ ይከተሉታል።

ከአባባ ጋር ተወያየን። ሣጥኑ ለስድስት ወፍ አይበቃም፤ ዳለቻም ማረፍ አለባት። እንቁላሉን ዝም ብሎ ማንሳት አያዋጣም፤ ቶሎ ብላ ሌላ ትጥላለችና ይበልጥ ትዳከማለች። አባባ ከወይራ እንጨት ሁለት እንቁላል ጠርበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት በመቀያየሪያው ላይ ለወጥኳቸው። ቡሬ ሲመጣ አንዴ በምንቃሩ አገላበጠው፣ ተቀመጠ። እስኪሰለቻቸው ይታቀፉት። በዚህ ጊዜ ዳለቻ የተቀጠቀጠ የእንቁላል ቅርፊትና አተር በደንብ ታገኛለች።

ኅዳር 27

ልጆቹ ዛሬ ራሳቸው ጠጡ። ትልቁ ምንቃሩን ጣሳው ውስጥ ነክሮ ሳያነሳ ሳበ። ማንም አላሳየውም። እህል ግን ገና ያንሸራትታቸዋል፤ በቆሎውን አንስተው ይጥሉታል። ማሽላው ይቀላቸዋል። ስለዚህ ለእነሱ ማሽላውን ለብቻ አኖራለሁ።

ልጆቹ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሣጥኑ ወጥተው ይበራሉ፤ የተዘጋጀው ይህ ነው። ክንፋቸውን አንቆርጥም። ወንፊቱን የምንከፍተው አመሻሹ ላይ፣ ከእራታቸው በፊት ነው። የራባት እርግብ ርቃ አትሄድም። ልጄ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እህል ከመስጠቷ በፊት ጣሳውን ታንኳኳለች፤ ድምፁን ሲሰሙ አሁን አራቱም ወደ ወንፊቱ ይመጣሉ። ቅዳሜ ከጣሪያው የሚጠራቸው ይኸው ድምፅ ነው። ጭልፊቱ በ9 ሰዓት አካባቢ ስለሚዞር እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ደመና ከሆነ ወደ እሑድ እናስተላልፈዋለን።